የወንፈል ፈተና

«ይህ ወረቀት የማን ነው?»

ፈታኙ ጓድ ገብረአብ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ከፍ አደረገና ይህን ጠየቀኝ። ከላይ የተጻፈው ስም የእኔ ነው፤ በሰለች ይላል። እሱን ራሴ ጽፌዋለሁ። ፈታኙ ያነበበልንን አሥር ቃላትም እኔው ነኝ የጻፍኳቸው። ከዚያ በታች ያለው ሒሳብ ግን የጋሽ ዘይኑልአቢዲን እጅ ነው፤ አንብባችሁ መልሱ የሚለውን የመለሱት ደግሞ አባ ገብረመንፈስቅዱስ ናቸው። «የእኔ ነው» ብል ዋሸሁ። «የእነሱ ነው» ብል ሰዎቹን አሳልፌ ሰጠሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ይህ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ውስጥ፣ ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ እንዴት እንደደረስን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ከገበያው ጀርባ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት አለ። ቀበሌው ማሠልጠኛ አደረገው። ጠዋት መሠረተ ትምህርት ይሰጥበታል፤ ከሰዓት በኋላ አናጢነት፣ ልብስ ስፌትና የሱፍ ምንጣፍ ሥራ። ክፍያ አልነበረውም። ሰሌዳና ጠመኔ ተገኝቶለት ወንበር ስላልተገኘለት፣ ለመመዝገብ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቀመጫን ይዞ መምጣት።

ስለዚህ ማን ከየት እንደመጣ መቀመጫው ይናገር ነበር። ከመንዝ የወረዱት አጎዛቸውን አነጠፉ። የወታደር ሚስት የጥይት ሣጥን ይዛ መጣች። ከደብረ ሲና የመጣች የሹፌር ሚስት ያለቀለት የመኪና ጎማ እያንከባለለች ገባች። ከአብቹ በኩል የመጡ፣ አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር የሚቀላቀል እናት ባለሦስት እግር በርጩማ ነበራቸው። የዓልዩ አምባው ነጋዴ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን አባቱ ይጭኑበት የነበረውን የግመል ኮርቻ አምጥቶ ከሚስቱ ከመሪማ ጋር እኩል ተካፍሎ ተቀመጠበት። አባ ገብረመንፈስቅዱስ ብቻ ምንም አላመጡም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመቋሚያ ቆመው የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ትምህርቱንም ቆመው፣ ወረቀታቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ አድርገው ይከታተሉ ነበር። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቃሉ፣ ያነባሉ፤ መጻፍ ግን ያስተማራቸው አልነበረም። እኔ የተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ነበርኩ፤ በተነቃነቅኩ ቁጥር ይጮኻል።

መሪማ ቤቱን «ዩኒቨርሲቲያችን» ትለው ነበር። ዘግይታ የገባች እንደሆነ «ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነው እኮ» ትላለች፤ ቤቷ ከአጥሩ ማዶ ነው።

አስተማሪያችን ሰሊሃ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። እኛ ግን «መምህርት» እያልን እንነሣላት ነበር፤ አባ ገብረመንፈስቅዱስ ሳይቀሩ፣ ቀድሞውኑ ቆመው እያሉ፣ እንደ መነሣት ብለው መቋሚያቸውን ይጨብጣሉ።

አሁን የእኔን ጉዳይ ልናገር። ባለቤቴ ተክለጊዮርጊስ እንደኔው የሰላ ድንጋይ ሰው፣ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ያኔ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የቀረችልኝ አንድ ልጅ ናት፤ ዘርፈሽዋል፣ ያኔ ስምንተኛ ክፍል። እኔ በተፈጥሮዬ ሥጉ ነኝ። ልጄ ስታስል ሳንባዋ ነው እላለሁ፣ ዝም ስትል ምን ደበቀችኝ እላለሁ፣ ስትስቅ ደግሞ የዚህ ሳቅ መጨረሻው ምን ይሆን እላለሁ። በዚህ ላይ በሚያዝያ መጨረሻ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ወልደሩፋኤል ሁለት አህያ ነድቶ ከሰላ ድንጋይ በኩል መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። የወንድሙ ሚስትና ልጅ ሰው አገር ተንከራተቱ እንዳይባል ሊወስደን ነው የመጣው። ነገር ግን ቤቱ ከሰላ ድንጋይ ከተማ የሩብ ቀን መንገድ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ትምህርት ቤት ሄዶ የሚመለስ የለም። ዘርፈሽዋል እዚያ ከገባች እንጨትና ውኃ፣ ከዚያም ባል ነው የሚጠብቃት። እኔም ከልጄ ሌላ ሰው የለኝም።

እንድቀር የሚያደርገኝ አንድ መንገድ ነበር። የምንጣፍ ሥራው ክፍል አዲስ ሠራተኞች ሊቀበል ነው፤ ንድፉ በቁጥር ተጽፎ ስለሚሰጥ ግን የመሠረተ ትምህርት ፈተና ያለፈ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ይህን ለወልደሩፋኤል አስረዳሁት። ጢሙን እያሻሸ ብዙ ካሰበ በኋላ ቃሉን ሰጠኝ።

«የማለፊያሽን ወረቀት ካሳየሽኝ አህዮቼን ባዶአቸውን እነዳለሁ። ካላሳየሽኝ ግን ዕቃሽን ጭነሽ ትከተይኛለሽ። ክረምት ሳይገባ።»

ስለዚህ ፈተናው ለእኔ እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ለልጄም አልነበረም። ሌሊት ተነሥታ ደብተሬን ስታገላብጥ አገኘኋት፤ የቱ ጋ እንደምደክም ልታይ ነው። መደመር ላይ ነበር የምደክመው። ሰባትና ስድስት አሥራ ሦስት እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን አሥራ ሦስቱን እንዳለ ከታች እጽፈዋለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም እንደዚያው። መልሴ እንደ ገበያ ሰልፍ ይረዝማል።

ፈተናው ሰኞ ጠዋት ሆነ። ሠላሳ አንድ ነበርን። ሰሊሃ ከክፍሉ እንድትወጣ ተደረገ፤ ደንቡ ነው አሉ። ጓድ ገብረአብ ወረቀት አደለንና አሥር ቃላት አነበበልን፣ ጻፍን። ከዚያ ከታች ያለውን ንባብና ሒሳብ እንድንሠራ ነገረንና ማንም ከማንም እንዳይኮርጅ አስጠነቀቀ። ሁላችንም እሺ አልን፤ ከልባችን ነው። ጥቂት ቆይቶ የቀበሌው ዘበኛ መጥቶ ስልክ እንደሚፈልገው ነገረው። አደራ ብሎን ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ ወንፈል አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በአገራችን አጨዳ ሲደርስ ሰው ተጠራርቶ አንዱ ማሳ ላይ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ድርሻው ይታወቃል። የራሱን የጨረሰ ሰው ማጭዱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ድርሻ ይዞራል፤ ያ ሲያልቅ ሁለቱ ወደ ሦስተኛው። የራሱን ጨርሶ ቀና ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው፣ በሚቀጥለው ዓመት እህሉ ማሳው ላይ ሲረግፍበት ማንም አይደርስለትም። ይህ ለመንዜውም፣ ለዓልዩ አምባው ማሽላ አራሽም፣ ለአብቹ ሰውም አንድ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረንም፤ ስንወለድ ነበረ።

መጀመሪያ የተነሣው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። መሪማ እኔ አይደለሁም ትላለች። እኔ ግን አይቻታለሁ። ወረቀቷን አጣጥፋ ኮርቻው ላይ አስቀመጠችና ወደ ወታደሩ ሚስት ዞረች። ከዚያ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ሒሳቡን ገና ሌሎቻችን እርሳስ ሳናሾል ጨርሶት ስለነበር ተነሥቶ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ መደመር ጀመረ። አባ ገብረመንፈስቅዱስ ንባቡን ያዙ። ቃላት መጻፍ የሚሆንላቸው ሁለት ሴቶች ቃላቱን ያዙ። አንድም ሰው ድምፁን ከፍ አላደረገም። አባ ገብረመንፈስቅዱስ ግን ሥራ ሲይዙ የማዜም ልማድ ስላላቸው ለራሳቸው ያንጎራጉሩ ነበር፤ ሌሎቹም ቀስ ብለው ተቀበሏቸው። ደስ የሚል ጠዋት ነበር፤ አልዋሽም።

የመጨረሻዋ ማሳ እኔ ነበርኩ። ጓድ ገብረአብ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሠላሳው ሰው የእኔን የዘይት ቆርቆሮ ከብቦ ጋሽ ዘይኑ የመጨረሻውን ድምር ሲያደርግ ደረሰ። አንዳቸውም አልሸሹም። እንዲያውም የአብቹዋ እናት «ና፣ ደረስክ፤ አልቋል» አሉት።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን አንሥቶ የማን ነው ያለኝ። በእኔ ፋንታ የመለሱት አባ ገብረመንፈስቅዱስ ናቸው።

«የጋራ ነው ጌታዬ።»

«ጌታዬ አይበሉኝ፤ ጓድ ይበሉኝ» አለ። ከዚያ ወደ ሁላችን ዞሮ መኮረጅ ክልክል ነው ብዬ አልነበረም ወይ አለ።

መሪማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ወላሂ አንድም ሰው አልኮረጀም። መኮረጅ ማለት የሰው መውሰድ ነው። እኛ ሰጠን እንጂ ማን ወሰደ?»

ጓድ ገብረአብ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረ። ሠላሳ አንዱም ሙሉ ነበር፤ ሠላሳ አንዱም ሒሳብ ትክክል ነበር፤ በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ። በመጨረሻ ይህን ፈተና መቀበል እንደማይችል፣ ሁላችንም ዜሮ እንደሆንን ተናገረ። ያኔ ነው የገባን። ሠላሳ አንድ ሰው፣ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እኔ ደግሞ ከዓይኔ ፊት ሁለት አህያ ብቻ ነበር የማየው።

ሰሊሃ ሮጣ ገባች። ወረቀቶቹን ስታይ እንደምትቆጣ ጠብቀን ነበር፤ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መስሎኝ ልቤ ተሰበረ። እየሳቀች ኖሯል። ከዚያ ከጓድ ገብረአብ ጋር ውጭ ወጥተው ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። እሷ ምን እንዳለችው በኋላ ነገረችን፤ እነዚህ ሰዎች ማጭበርበር ቢያስቡ ኖሮ በር ሲከፈት ይበተኑ ነበር ብላው ነው። እሱም ተመልሶ ገብቶ ፍርዱን ተናገረ። ሐሙስ እንደገና እንፈተናለን፤ ግቢው ውስጥ፣ ሰውና ሰው አሥር እርምጃ ተራርቆ፤ እሱም ስልኩ በእሳት ቢያያዝ ከዚያ አይነቃነቅም።

ቤት ገብቼ ለወልደሩፋኤል ሁሉንም ነገርኩት። ዘርፈሽዋል የመሪማን ንግግር ስትሰማ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔ ግን አለቀስኩ። ወልደሩፋኤል በትዕግሥት ሰማኝና ግራ ገብቶት ጠየቀ።

«ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ፈተና ማለት እያንዳንዱ ሰው የራሱን የሚያሳይበት ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አልገባውም። ደግሞስ የሌላው ሳያልቅ የራሱን ይዞ የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው አለ። ቃሉን ግን አላጠፈም። «እንግዲህ ሐሙስ ነው» ብሎ የጭነት ጠፍሩን መጠገን ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ በዓል ነበሩ ብል ሰው አያምነኝም። ሰሊሃ ጠዋትም ከሰዓትም ክፍሉን ክፍት አደረገችልን፤ አናጢዎቹ መጋዛቸውን ውጭ አወጡልን። እኛም ሰኞ ዕለት አንዱ ለሌላው የሠራለትን፣ አሁን ማስተማር ጀመርን። የሰጠነውን መልስ ወስደን አሠራሩን እንስጥ ያለችው መሪማ ናት።

ለእኔ የደረሰኝ ጋሽ ዘይኑ ነው። ለእሱም እኔ ደረስኩት። ቁርአን በልጅነቱ ስለቀራ መስመር ከቀኝ ይጀምርና ቃሉ ሳያልቅ ወረቀቱ ያልቅበታል። እኔ በግራ ጠርዝ ላይ በከሰል ምልክት አደርግለታለሁ። እሱ ደግሞ የእኔን ድምር አይቶ ከልቡ አዘነ።

«አንቺ የሰላ ድንጋይ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ጭነት አንድ አህያ ላይ?» አለኝ። «ስሚኝ። ከቆላ ዕቃ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ታች ያለው አህያ ዘጠኝ ይችላል። አሥር ሲሞላ ይወርድና አንድ እስር ሆኖ ላይኛው አህያ ይጫናል። ትርፉ ብቻ ታች ይቀራል። አሁን ሰባትና ስድስት ስንት?»

«አሥራ ሦስት።»

«ስንት ታች ይቀራል?»

«ሦስት።»

«አንዱስ?»

«ላይኛው አህያ ላይ።»

መሪማ ከኮርቻው ላይ ሆና «ተመስገን፣ ባሌ ሠላሳ ዓመት የነዳው አህያ ዛሬ ለቁም ነገር ዋለ» አለች።

በዚያ መንገድ ግቢውን በአህያ ሞላነው። ዘርፈሽዋል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባቄላ እየቆጠረች ትፈትነኛለች። ስሳሳት «እማዬ፣ አህያዋን ገደልሻት» ትለኛለች። ስቄ አላውቅም ነበር እንደዚያ፤ ባሏ የሞተባት ሴት እንደዚህ ትስቃለች ወይ ብዬ እንኳ ሰጋሁ።

ሐሙስ ነፋስ ነበር። የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በግንቦትም ከጣርማ በር በኩል ሲመጣ አጥንት ይቆጥራል። ወረቀታችን እንዳይበርር እያንዳንዳችን ድንጋይ ተሰጠን። ጓድ ገብረአብ አሥር አሥር እርምጃ እየለካ አስቀመጠን፤ አጎዛው እዚህ፣ ጎማው እዚያ፣ የጥይት ሣጥኑ ጥግ ላይ። ባልና ሚስቱን ሲለያይ ኮርቻው የማን ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ፤ መሪማ ወሰደችው፣ ጋሽ ዘይኑ መሬት ተቀመጠ። አባ ገብረመንፈስቅዱስ ግድግዳው ጋ ቆሙ። ከአጥሩ ውጭ ወልደሩፋኤል ሁለቱን አህዮች ይዞ ቆሟል፤ ከጎኑ ዘርፈሽዋል፣ ከትምህርት ቤት ቀርታ። እንዳየኋት ብቆጣትም ከሩቅ ስለሆነ አልሰማችም።

ቃላቱን ጻፍኩ። ንባቡን መለስኩ። ሒሳቡን ስጀምር ሰዎች መጨረስ ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ የሆነውን ዘርፈሽዋል ናት በኋላ የነገረችኝ። መሪማ እጆቿ ሄደው ሰው እንዳይረዱባት ከጭኖቿ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። ጋሽ ዘይኑ ወደ እኔ እንዳያይ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ ግን ይደምር ነበር። የአብቹዋ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ጓድ ገብረአብ የጨረሰ ሰው ወረቀቱን አስረክቦ መሄድ እንደሚችል ተናገረ። አንድ በአንድ እየተነሡ አስረከቡ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ መቀመጫው ተመልሶ ተቀመጠ። የሚወጣ ጠፋ። ጓድ ገብረአብ ጨርሳችኋል እኮ፣ ሂዱ፣ ብርድ ነው አላቸው።

አባ ገብረመንፈስቅዱስ ከግድግዳው ጋ መለሱለት። «ማሳው አላለቀም ጓድ። እጃችንን አናገባም፤ ግን ጥለናት አንሄድም።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሠላሳ ሰው ነፋስ ውስጥ ቁጭ ብሏል። የቀረኝ አንድ ድምር ነበር፤ አራት መቶ ሰማንያ ሰባትና ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። ሰባትና ስድስት አሥራ ሦስት አልኩ። አሥራ ሦስቱን ልጽፍ እርሳሱን አስነካሁ፤ አነሣሁት። ሦስት ታች ይቀራል። አንዱን ጫንኩ። ስምንትና አምስት፣ ከተጫነው ጋር አሥራ አራት፤ አራቱ ይቀራል፣ አንዱ ይወጣል። አራትና ሁለት፣ ከአንዱ ጋር ሰባት። ሰባት መቶ አርባ ሦስት። ከአጥሩ ውጭ አንደኛው አህያ ጮኸ፤ ግቢው በሙሉ ሳቀ፣ ሰው ሁሉ ያን ሰሞን ስለ አህያ ሲማር ከርሞ ነበርና።

ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ጓድ ገብረአብ ተቀበለኝና አየው። ፈገግታውን እየደበቀ፣ ይህ ወረቀትስ የማን ነው አለኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ። «ስሕተት ካለበት ግን የጋሽ ዘይኑ ነው።»

ውጤቱ ከሳምንት በኋላ በሩ ላይ ተለጠፈ። ስሜን ራሴ ፈልጌ፣ ራሴ አነበብኩት። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስምንታችን አልፈናል። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን በቃላቱ ምክንያት ለጥቂት ወደቀ። ዩኒቨርሲቲውን ወድጄው ነው፣ አንድ ዙር ልጨምር ብሎ ሳቀ። መሪማ ያን ክረምት ሙሉ ባሏን «ተማሪው» ስትለው ነው የከረመችው።

ወረቀቱን ለወልደሩፋኤል ሰጠሁት። ብዙ ጊዜ አየው። ቃሉ ቃል ነበር፤ በማግሥቱ አህዮቹን ነድቶ ሄደ። ባዶአቸውን ግን አልነበሩም። በእሱ ሰፈርም መሠረተ ትምህርት ተከፍቶ መቀመጫ አምጡ እየተባለ ነበርና፣ የምንጣፍ ክፍሉ አግዳሚ ስላለው እኔ እንደማልፈልገው ጠይቆ አረጋግጦ፣ ሊማርበት የዘይት ቆርቆሮዬን ጭኖ ሄደ።

እኔ ያን ሁሉ የደከምኩት ልጄ ከእኔ እንዳትለይ ነበር። ዘርፈሽዋል ግን አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ መምህርነት ተማረች፤ አንኮበር ተመደበች። ጋሽ ዘይኑና መሪማ ወደ ዓልዩ አምባ ወረዱ፤ ኮርቻውን ለክፍሉ ትተውት ነው የሄዱት። ሰሊሃ አግብታ ደሴ ገባች። አባ ገብረመንፈስቅዱስ አሁንም መስኮቱ ጋ ቆመው ለአዲሶቹ ያነቡላቸዋል። ልጄ ሄደች፤ እኔ ምንጣፍ ሥራው ላይ ቀረሁ።